የታጠፈው የሽቦ ጫፍ

እነዚህ ደብዳቤዎች በእኔና በአጎቴ ልጅ በጀማነህ መካከል የተመላለሱ ናቸው። እኔ ኮሎምበስ፣ እሱ ድሬዳዋ። የእሱን ዋናዎቹን፣ የራሴን ግልባጮቻቸውን አስቀምጬአለሁ። «ደብዳቤ ሲላክ ግልባጩ ይቀመጣል» ብለው በጸሐፊነት ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ መምህርቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ቢሆንም ትእዛዛቸው አልሞተም።

ልጄ ሩፋኤል በጥቅምት ወር 2013 በወረርሽኙ ሞተ። ለጀማነህ አልተነገረውም። ጀማነህ አጠገቡ ዘመድ የለውም፤ ጆሮው በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ካገለገለበት ፋብሪካ ጀነሬተር ጋር ሲኖር ደንቁሯል፤ ልቡም ታማሚ ነው። ሩፋኤል አባቱ ከሞተ በኋላ በእሱ እጅ ያደገ፣ ሙያውንም ከእሱ የተማረ ልጅ ነበር። በወጋችን መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በሰው አፍ ይነገራል እንጂ በወረቀት አይላክም። የሚያረዳልኝ ሰው እስካገኝ ልጠብቅ አልኩ። እስከዚያው ግን ስለ መታጠቢያ ቤቱ መብራት ልጽፍለት ግድ ሆነ፤ ከእሱ በቀር የማምነው ሰው አልነበረኝም።

*

ኮሎምበስ፣ ኅዳር 27 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለጀማነህ፣

የድሬዳዋ ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? ልብህስ? መድኃኒትህን «ተሻለኝ» ብለህ እንዳላቋረጥክ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ልማድህን ስለማውቅ ነው። የቁልቢው ገብርኤል ደጅህን ይጠብቅልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ያለ መነጽርም ባይሆን አነባለሁ፤ ተመስገን።

ዛሬ የምጽፍልህ ለምክር ነው። የመታጠቢያ ቤታችን ጣሪያ ላይ እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ነበር። ከማርጀቱ የተነሳ እንደ ወፍጮ ይንኳኳ ጀመር። ሩፋኤል ከሥራ አምሽቶ ገብቶ ሲታጠብ እኔን ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፤ ይህንንም ደጋግሜ ተናገርኩ። በመጨረሻ ከሞርስ ጎዳና አዲስ ገዝቶ መጣ፤ ማራገቢያና መብራት ባንድነት የያዘ፣ ድምፅ የለውም የተባለለት። አሮጌውን አወረደ፣ አዲሱን ከጣሪያው እንጨት ጋር በብሎን አሰረ። ሽቦው ላይ ሲደርስ ሥራው ተቋረጠ። አሁን ለመጨረስ አይመቸውም።

በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ቀድሞ ግራው ለመብራቱ፣ ቀኙ ለማራገቢያው ነበር። አዲሱም እንደዚያው ለየብቻው እንዲበራና እንዲጠፋ እፈልጋለሁ። መብራቱን ባበራሁ ቁጥር ማራገቢያው እንዲከተለኝ አልፈልግም።

የሩፋኤል ልጅ ሲና ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሂልቶፕ ሰፈር ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቀኛለች። ጨለማ ውስጥ በእጅ ባትሪ ስታጠብ አገኘችኝና ተቆጣች።

«አያቴ፣ ጀስት ኮል ኤ ጋይ!»

«ጋይ ማነው?» አልኳት።

«ኤኒ ጋይ!» የተገኘው ሠራተኛ ይምጣ ማለቷ ነው።

ስም የሌለው ሰው ልጄ የጀመረውን ሥራ እንዲነካ አልፈቅድም። ይህንንም ነገርኳት። ነገር ግን ጣሪያው ከእንፋሎቱ የተነሳ ሻጋታ ጀምሮታል፤ እስከ ፋሲካ ካልተሠራ ሰው እጠራለሁ ብላ ቀን ቆርጣልኛለች።

ኤሌክትሪክ አልተማርኩም። በትክክል ከተጻፈልኝ ግን በትክክል እፈጽማለሁ፤ ይህን ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ።

አክባሪ እህትህ፣
ፋንታዬ

*

ድሬዳዋ፣ ጥር 30 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽ ለእትዬ ፋንታዬ፣

ጤናሽ ከባሕር ማዶ ድረስ ይሰማኝ፤ እኔ ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ። መድኃኒቱን እውጣለሁ። ደብዳቤሽ ገናን አሳልፎ፣ ጥምቀትንም አሳልፎ ደረሰ፤ አውሮፕላኑም እንደ ሰው ቤቱ ተቀምጧል መሰለኝ። ያንቺን ጽሕፈት ሳይ አሁንም ጀርባዬ ይቀናል። ልጅ ሆነን ፊደሌን ስታርሚ በማስመሪያ ጣቴን የመታሽኝ ትዝ አለኝ።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ሩፋኤል ምን ሆኖ ነው ይህንን ሥራ የተወው? ሻይ ሳይበርድ የሚያልቅ ሥራ ነው! ቤክስሊ ሰፈር የሰው ሕንፃ ሲጠግን እየዋለ የእናቱን መታጠቢያ ቤት ያጨልማል? ወይስ በድብቅ ሌላ ሚስት አግብቶ ጊዜ አጥቷል? ንገሪው፤ አስተማሪው አፍሮበታል በይው።

ደግሞ የጆሮ መስሚያዬ ባትሪ አለቀ። ለገና ሳይልክልኝ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ተቀይሞኝ ይሆን? ከደብዳቤሽ ግርጌስ እንደ ልማዱ ሁለት መስመር ለምን አልጨመረም? «ጋሼ ፒንሳህን ደብቅ፣ እመጣለሁ» እያለ የሚጽፈውን ሳላነብ ደብዳቤው ያለቀ አልመሰለኝም፤ ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። መጀመሪያ ሳልቫቪታውን አውርጂ፤ እናንተ ብሬከር የምትሉት፣ ምድር ቤት በብረት ሳጥን የተደረደረው ነው። ቀጥሎ ይህንን እወቂ። ኃይል ይዞ የሚመጣው ሽቦ ፌዝ ይባላል፤ የሚነድፈው እሱ ነው። ኃይሉን የሚመልሰው ኒውትራል ይባላል፤ እሱ የዋህ ነው። ቀይ ፌዝ ነው። ጥቁር ኒውትራል ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ከጣሪያው የሚመጣውን ቀይ ከማራገቢያውና ከመብራቱ ፌዝ ጋር ታገናኛለሽ፤ ሌላ ፌዝ ካለም ለመብራቱ ለይተሽ ታስሪዋለሽ። ጥቁሩን ከተመላሾቹ ጋር ባንድ ላይ ጠምዝዘሽ በናስትሮ፣ በሚለጠፈው የሽቦ መሸፈኛ፣ ትጠቀልያለሽ። ሳልቫቪታውን ተሳስተሽ ሌላ ብታወርጂ እንኳ ጥቁሩን ስትይዢ አትፍሪ።

ያየሽው ከዚህ ከተለየ ጻፊልኝ፤ አንድም ሳታስቀሪ፣ እንደ ትምህርት ቤትሽ። ካልተለየ ሥሪው፤ ያንቺ እጅ ከብዙ ወንድ እጅ ይታመናል።

ሩፋኤልን ጉንጩን ሳሚልኝ። ሽበት አውጥቶም ቢሆን።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ጀማነህ

*

ድሬዳዋ፣ የካቲት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ። ጥቁሩን አትንኪ! ያለፈውን ደብዳቤዬን ቅደጂው። ገና ካልሠራሽ አትሥሪ። ሠርተሽው ከሆነ ማብሪያውን አትንኪ፣ ሳልቫቪታውንም አትመልሺ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ሙክታር ጅቡቲ ለአሜሪካኖች ካምፕ ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ ልጅ ነው። ደጅ ተቀምጠን ያንቺን ሥራ በኩራት ተረኩለት። ተነስቶ ቆመ። መስሚያዬ ባትሪ ስለሌለው አፉን ከጆሮዬ ገጥሞ ጮኸ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

«አቦ ጋሼ! አሜሪካ ፌዙ ጥቁሩ ነው! ጥቁሩ! ኒውትራሉ ነጭ ነው!»

ባለሱቋ ራቢያ ከማዶ ሆና «ጥቁሩ ምን ሆነ?» ትላለች። «ጋሼ ጀማነህ ሰው ሊገድሉ ነው!» አላት።

ጥቁሩን ከተመላሾቹ፣ ማለት ከነጮቹ ጋር ጠምዝዢ ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ያን አድርገሽ ማብሪያውን ብትጫኚ ከራስሽ በላይ እሳት ይተፋል። በእጅሽ ከያዝሽውማ አልጽፈውም።

ሙክታር በስልኩ ደወለ። እኔ ያለኝ ቁጥር የሩፋኤል ብቻ ነው። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ማታም ደወለ፣ በማግሥቱም ደወለ። አሁን ጭራሽ ተዘግቷል ይላል። እትዬ፣ ለምንድን ነው ሩፋኤል ስልኩን የማያነሳው?

ይህች ደብዳቤ ከፊተኛይቱ ቀድማ ትደርስ ዘንድ በቁልቢው ስም ተማጽኛለሁ። ደብዳቤ እንደማይቀዳደም አውቃለሁ፤ ግን ተማጽኛለሁ።

ጀማነህ

*

ኮሎምበስ፣ መጋቢት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለጀማነህ፣

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምህ፤ ትንሣኤውንም ለማየት ያብቃህ። በጥር መጨረሻ የጻፍከው ደብዳቤ ደርሶኛል። የጆሮ መስሚያህን ባትሪ ከዚህ ጋር ለብቻው በጥቅል ልኬአለሁ፤ ቁጥሩን ከአሮጌው ካርቶን ላይ ገልብጬ ስለገዛሁ ስሕተት አይኖረውም።

ሩፋኤል አልተቀየመህም። ይህንን በእግዚአብሔር ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ፤ አንድም ቀን አልተቀየመህም። ከግርጌ ለምን አልጻፈም ላልከው ግን በዚህ ወረቀት አልመልስልህም። አትጫነኝ።

ያዘዝከውን ለመፈጸም ቅዳሜ ዕለት ተነሳሁ። ሲና መሰላሉን ይዛልኝ ነበር። «ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ፣ ልየው?» አለችኝ። «ያ ሰውዬ የእኛን ጣሪያ አይቶታል?» አልኳት። ምድር ቤት ወርጄ «መታጠቢያ» ተብሎ በሩፋኤል እጅ የተጻፈበትን ብሬከር አወረድኩ፤ ወጣሁ፤ ደብዳቤህን ሲና ከታች በእጅ ባትሪ አበራችልኝ፤ አነበብኩ።

ያየሁት ይህ ነው። ከጣሪያው በአንድ ነጭ ልባስ ተጠቅልለው የሚመጡት ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ፣ እንዲሁም ልብስ የሌለው መዳብ ናቸው። ከአዲሱ ማራገቢያና መብራት የሚወጡት ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ሁለት ነጮችና አንድ አረንጓዴ ናቸው። በሳጥኑ ውስጥ ቢጫና ቀይ የላስቲክ ቆቦች አሉ፤ ሽቦ ከሽቦ ተጠምዝዞ በላዩ የሚደፋባቸው ይመስለኛል።

እጄን ወደ ጥቁሩ ዘርግቼ ነበር። ግን አንድ ነገር አላስኬድ አለኝ። ከጣሪያው የሚመጡት የጥቁሩና የቀዩ ጫፎች ታጥፈዋል። ተቆልምሞ እንደተተወ ሽቦ አይደለም፤ በፒንሳ ተለክቶ፣ እንደ ታጠፈ ክንድ ወደ ራሱ ተመልሶ፣ በናስትሮ ሁለት ዙር ተጠቅልሎ። ነጩና ራቁቱ መዳብ ግን ቀጥ ብለው ተትተዋል። ሩፋኤል ዕቃውን ሰብስቦ ከመሰላሉ ሲወርድ ያስለው ነበር። «ነገ እጨርሰዋለሁ እማዬ» ብሎኛል። ነገ ለሚጨርሰው ሥራ ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን አስፈለገው? ደግሞ አንተ እንዳልከው ጥቁሩ የዋህ ከሆነ ከቀዩ ጋር አብሮ ለምን ታጠፈ?

መምህርቴ «ሁለት ምስክሮች ካልተስማሙ አትፍረጂ፤ ቁሚ» ይሉ ነበር። አንተ አንድ ምስክር ነህ፣ የሩፋኤል እጅ ሌላ ምስክር ነው፤ አልተስማማችሁም። ስለዚህ ምንም ሳልነካ ከመሰላሉ ወረድኩ። ሲና ተናደደች። መብራቱ እንደጠፋ ነው።

እጥፉ ምን ማለት እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጻፍልኝ።

እህትህ፣
ፋንታዬ

*

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ፋንታዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሌላ ሰላምታ አላገኘሁም።

እጥፉ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ፋብሪካው ውስጥ ሽቦው ከየአገሩ የመጣ ነበር፤ የጣሊያኑም የእንግሊዙም የጀርመኑም ቀለም አይስማማም። እናም ልጁን በክረምት ዕረፍቱ ይዤው ስሄድ እንዲህ እለው ነበር፦ «ሥራ ጀምረህ ስትተው ራስህ የምትመለስበት ከሆነ ጫፉን ሸፍነህ ሂድ። አንተ ካልሆንክ የምትመለሰው የሚነድፈውን ሁሉ ጫፉን እጠፈው። ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ቀለም ቢሳሳት እጥፉ ያድነዋል።» በፈተና ጠይቄው ያለፈበት ነው። ከእኔና ከእሱ በቀር ይህን የሚያደርግ ሰው አላውቅም፤ የራሳችን ወግ ነበር።

እትዬ፣ ለአንቺ «ነገ» አለሽ። ለሽቦው ግን እውነቱን ነገረው።

ደብዳቤሽን አጥፌ ተቀመጥኩ። ስልኩ ያልተነሳው፣ ባትሪው የቀረው፣ ግርጌው ባዶ የሆነው፣ በጥቅሉ ላይ ያለው አድራሻ በአንቺ ጽሕፈት የመጣው ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባኝ። ለምን እንዳልነገርሽኝም ገባኝ። አልተቀየምኩሽም። ብቻውን ለተቀመጠ ሽማግሌ መርዶ በፖስታ አይላክም፤ እኔም ብሆን አልልክም።

ግን ሰው አለኝ። በማግሥቱ ማለዳ ሙክታርንም፣ ራቢያንም፣ የእድራችንን ሰዎችም ቀስቅሼ ደጄ ላይ ሰበሰብኳቸው። ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩና «አርዱኝ» አልኳቸው። ያልኩትን እሰማለሁ እንጂ የሚሉትን አልሰማም፤ ሙክታር በእጁ «ምን ብለን?» አለኝ።

«ሩፋኤል ሞቷል በሉኝ» አልኩት።

ያን ጊዜ የላክሽውን ባትሪ አወጣሁ። ጽሕፈቱ ያንቺ መሆኑን አይቼ ፈርቼ ሳልከፍተው አስቀምጬው ነበር። ከፈትኩት፣ መስሚያዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። መጀመሪያ የሰማሁት ወፎቹን ነው። ከዚያ ሙክታር «ጋሼ፣ ያልሰማነውን እንዴት እናርዳ? አላህም አይወደው» ሲል ሰማሁት። «እኔ ሰምቻለሁ፤ እናንተ በሉት ብቻ» አልኩ። በመጨረሻ ራቢያ ናት ቀስ ብላ የተናገረችው።

«ጋሼ ጀማነህ፣ ልጅህ ሩፋኤል አርፏል።»

አለቀስኩ። አለቀሱልኝ። በልጅነቱ ፋብሪካው ውስጥ አብረውት የሠሩ ሁለት ሽማግሌዎች ከገንደ ቆሬ ሰፈር ድረስ መጡ። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ወጉ አልጎደለበትም እትዬ፤ ይህንን ለእናትነትሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

አሁን ሥራውን እንጨርስለት። ከዚህ በፊት በየካቲት የጻፍኩልሽ ማስጠንቀቂያ ደርሶሽ ከሆነ መልካም፤ ካልደረሰሽ ይኸው፦ በአሜሪካ ጥቁሩም ቀዩም ፌዝ ናቸው፣ ነጩ ኒውትራል ነው። የምጽፈውን ሙክታር አጠገቤ ተቀምጦ ቃል በቃል አይቶታል። ብሬከሩን አውርጂ። ከዚያ ሽቦው ኃይል እንዳለው የሚያሳየውን ቴስተር ገዝተሽ እያንዳንዱን ጫፍ ፈትሺ፤ ለእኔም ለሙክታርም አትመኚ። ሁለቱን እጥፎች ለማቃናት አትሞክሪ፤ የታጠፈ መዳብ ሲቃና ይሰበራል። እጥፉን ቁረጪውና ልባሱን ጥቂት ገፈሽ አዲስ ጫፍ አውጪ። ከዚያ ጥቁሩን ከማራገቢያው ጥቁር፣ ቀዩን ከመብራቱ ሰማያዊ፣ ነጮቹን ሁሉ ባንድነት፣ ራቁቱን መዳብ ከአረንጓዴው። በየአንዳንዱ ላይ ቆቡን ድፊበት፣ አጥብቀሽ አዙሪው፣ ሳብ አድርገሽ እዪው። ግራና ቀኙ እንደ ቀድሞው ይሆናል፤ ግድግዳው ውስጥ ማንም የነካው ነገር የለም።

እጥፍ የተተወለት ሰው ሥራውን ተረክቧል ማለት ነው። የተረከብሽው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው አትጥሪ።

ወንድምሽ፣
ጀማነህ

*

ኮሎምበስ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀማነህ፣

አንተንም እግዚአብሔር ያጽናህ። ዓመት ሙሉ ልጽፈው ያልቻልኩትን ቃል አሁን እጽፈዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት የሩፋኤልን ሙት ዓመት አውጥተናል። ደብዳቤህ በሐምሌ ደረሰኝ። መልስ ያዘገየሁት ሥራውን ሳልጨርስ ልጽፍልህ ስላልወደድኩ ነው።

አስቀድሜ ያለብኝን ልክፈል። ትኩሳቱ ከመሰላሉ በወረደበት በዚያው ምሽት ጀመረው። ሲና ሆስፒታል ወሰደችው፤ እኔን በር ላይ መለሱኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያየሁት በስልክ መስታወት ነው። በመጨረሻ ያለኝ «እማዬ፣ መታጠቢያ ቤቱ ጨለማ ነው፣ እንዳትወድቂ» ነው። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ተፈቀደ። የቀረው ሕዝብ መኪናው ውስጥ ሆኖ በመስኮት አለቀሰ። እንደ ወጉ የሚይዘኝ እጅ አልነበረም፤ ሁሉም ከሁሉም ርቆ ቆሟል። አንተ ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቦ እንዳለቀሰለት ሳነብ ነው ልጄ የተቀበረ የመሰለኝ። ራቢያንና ሙክታርን እጃቸውን ሳምልኝ።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ጊዜ ስለ እጥፉ ለሲና ነገርኳት። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብታ አንገቷን ቀና አድርጋ ብዙ ቆመች። ከዚያ ወዲህ «ኤኒ ጋይ» የሚለው ቃል ከዚህ ቤት ጠፋ። ቀኑ ያለፈው የፋሲካ ቀጠሮም ዳግመኛ አልተነሳም።

ሙት ዓመቱ በጨለማ እንዳይውል አስቀድሜ በዋዜማው ሳምንት ሠራሁት። ቴስተሩን ከሞርስ ጎዳና ገዛሁ። ሻጩ ወጣት «ለማን ነው?» አለኝ። «ለእኔ» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ቢ ኬርፉል፣ እማማ» አለኝ፤ የእኛ ልጅ ነው ለካ። ብሬከሩን አወረድኩ፣ እያንዳንዱን ጫፍ ፈተሽኩ፣ ጭጭ ብለዋል። እጥፎቹን ቆረጥኩ። ጥቁር ከጥቁር፣ ቀይ ከሰማያዊ፣ ነጮቹ ባንድነት፣ መዳቡ ከአረንጓዴው። ቆቦቹን ደፋሁ፣ ሳብኩ፣ አልላላም። ሽፋኑን ሲና ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ፣ እኔ በብሎን አጠበቅሁት።

ሲና ምድር ቤት ወርዳ ብሬከሩን መለሰች፤ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ግራውን ተጫንኩ። ከታች ሆና «አያቴ፣ በራ?» ብላ ጮኸች። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። በራ አልኳት።

ከዚያ ቀኙን ተጫንኩ። ምንም አልተሰማም። ጥቁሩን አበላሸሁት ብዬ ደነገጥኩ። ጆሮዬን አቀናሁ፤ ጸጥ። ሲና ሮጣ መጣችና ከሶፍት ወረቀቱ አንድ ቅጠል ቀድዳ በእጇ ከፍ አድርጋ ከጣሪያው አስጠጋችው። ወረቀቱ ከእጇ ተነስቶ ሄደና ሽፋኑ ላይ ተለጠፈ። ሲሠራ ነበር፤ ድምፅ የለውም እንጂ። ሩፋኤል የመረጠው ለእኔ እንቅልፍ ብሎ ነው።

አሁን ወፍጮ የሚመስለው አሮጌው ድምፅ ናፍቆኛል ብልህ ትስቅብኝ ይሆናል። ያ ድምፅ ሲሰማ ልጄ ከሥራ ገባ ማለት ነበር። ራሴ ነኝ ጸጥ ይበል ያልኩት።

ያችም በየካቲት «ጥቁሩን አትንኪ» ብለህ የጻፍካት ደብዳቤ ትናንት ደረሰች፤ ፖስታዋ ተቀዶ፣ በሌላ አገር ማኅተም ተመትቶ። በመንገድ ላይ የእኔን ሐዘን ያህል ለመቆየት ጥቂት ወራት ብቻ ቀርቷት ነበር። ከሁለታችሁ በፊት ያስጠነቀቀኝ እሱ ራሱ መሆኑን እንድታውቅ ነው የምነግርህ።

የቆረጥኳቸውን ሁለት ጫፎች አልጣልኩም። ቀዩ እኔ ዘንድ ነው፣ ከጸሎት መጽሐፌ ጋር። የጥቁሩን በዚህ ፖስታ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ላክሁልህ። ናስትሮው የእሱ ነው፤ ያጠፈውም የእሱ ፒንሳ ነው።

አታቃናው።

እህትህ፣
ፋንታዬ